በቀኝሽ

ሸዋ በር፣ መሰላል ላይ ቆሜ፣
በሰው ስም ነው ያለቀው ዕድሜዬም ቀለሜ።
«ሙዘይን ልብስ ስፌት»፣ «አልጋነሽ ምግብ ቤት»፣
«ጎማ ይነፋል»፣ «ትኩስ የላም ወተት»፤
ከጦሳ የሚወርደው ጉም ይበላል ግማሹን፣
ደግሜ እቀባለሁ ክረምት ያጠበውን።

«እጅህ እንዴት ቀጥ ይላል!» ይላሉ የሚያልፉት ሁሉ።
ቀና እጅ ያያሉ፤
ማን እንዳቃናው አይጠይቁም፤ አልፈው ይሄዳሉ።

ግራኝ ነበርኩ።

ስወለድ አይደለም። ስወለድ እጅ ብቻ ነበረኝ፣
ሁለት።
ግራኝ መሆኔን ሰው ነው የነገረኝ።

ሐይቅ ዳር፣ የአክስቴ ሰርግ፤ ስድስት ዓመቴ ነው።
ከልጆች ጋር ትሪ ከብቤ ሳነሳ አንዲት ጉርሻ፣
ጸጥ አለ፣ ከሙሽሮቹ ወንበር እስከ ዳሱ መጨረሻ።
«የማን ነው ይሄ ልጅ?» አለች አንዲት ሴትዮ፣
ትሪው ላይ እባብ እንዳየ ሰው።

የአባቴ ወንድም ሼህ፣ የእናቴ ወንድም ቄስ፤
ለአንድ ሰርግ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ድግስ።
በሥጋ ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች
በእጄ ተስማሙ።
«በግራ የሚበላ ሰይጣን ነው» አሉ ሁለቱም አጎቶች፣
አንዱ በአረብኛ፣ አንዱ በግዕዝ እያስረገጡ፤
እኔን ለማዳንም አንድ መቀነት አመጡ።

ያሰረችኝ እናቴ ናት።
እጄን ከጎኔ ጋር ጠምጥማ፣ ቋጠሮውን ሳታጠብቅ፣
«ሰው እንዳይስቅብህ ነው» አለችኝ፤ «ሰው እንዳይስቅ።»
ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
ሁለት ክረምት አለፈ። መቀነቱ ተፈታ፤
እጄን ግን ይዞ ቀረ ይሉኝታ።

ትምህርት ቤት «ጠ»ን ስጽፍ በሦስት እግሩ እንኳ መቆም አቃተው፤
ይወድቃል፣ አነሳዋለሁ፣ ይወድቃል፣ እስኪቀናው።

ሰኞ ገበያ ሂሳብ ስቀበል ቀኜን እዘረጋለሁ፣
ቀብር ላይ አፈር ስበትን ቀኜን፣ ስምልም ቀኜን አነሳለሁ።
ጨዋ ነው ይሉኛል።
ጨዋነቴ ብርድ ሲመጣ ከትከሻዬ ጀምሮ ያመኛል።
ግራዬ መሰላሉን ትይዛለች፤
ባትይዝ እወድቃለሁ። ያመሰገናት የለም፣ እኔም ጭምር።

አንድ እሑድ በሬን ዘግቼ ብሩሹን ለግራዬ ሰጠኋት።
«ስምሽን ጻፊ» አልኳት።
የጻፈችው የእኔን ነው። «ይመር»፦
ያጋደለ «ይ»፣ ሁለት ዓይኑ የተንሸዋረረ «መ»፣ መድረሻ የጠፋው «ር»።
የስድስት ዓመት ልጅ ጽሕፈት።
እሱ አላደገም፤ እዚያው ትሪው ጋ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።
ወይም እንደዚያ ማሰብ ይመቸኛል።
ምናልባት ያልተቃና ይመር የሚባል ሰው
ከመጀመሪያውም አልነበረም፤
ከመቀነቱ በፊት ስም እንጂ ሰው አልነበርኩም።
አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሉባባ፣ አራት ዓመቷ፣
እርሳስ አነሳች፤ በዚያችው፣ በግራ እጇ።

«በቀኝሽ!»

እኔ አይደለሁም ያልኩት። እኔ ነኝ።
አፌ ውስጥ አንድ ሰርግ ሙሉ ሰው ነበረ፤
ሼሁ፣ ቄሱ፣ ያቺ ሴትዮ፣ ሙሽሮቹ፣ ዳሱ እንደተወጠረ፤
እናቴም ከበስተኋላ፣ መቀነቷን ይዛ።

ሉባባ አላለቀሰችም። ቀና ብላ፣
«የቱ ነው ቀኜ?» አለችኝ።

ፊት ለፊቷ ቆሜ ቀኜን አነሳሁላት።
እሷም ልክ እንደኔ፣ ከእጄ ትይዩ ያለውን እጇን፣
እርሳሱን እንደያዘች፣
አነሳች።